የገብስማዋ አማና

ዶሮ እንደ ሰው ያስነጥሳል። ይህን የሚያውቀው ቀርቦ የሰማ ብቻ ነው። ትንሽ፣ ደረቅ፣ ቁርጥ ያለች ድምፅ ናት፤ ከዚያ ዶሮዋ ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች። ኮምቦልቻ በምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ሰዎች ዶሯቸውን በፌስታልና በዘንቢል ይዘው ሲመጡ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ድምፁን ሰምቼ ምን ሊሉኝ እንደሆነ አውቃለሁ። «ትድናለች ወይ?» ይሉኛል። «ትድናለች» እላቸዋለሁ። ከዚያ የማይወዱትን እጨምርበታለሁ። «ትድናለች፤ በሽታው ግን ከውስጧ አይወጣም። ከሌላ ዶሮ ጋር እንዳትቀላቅሏት።» አንዳንዱ ይስቃል። «ከዳነች ምን ቀረ?» ይለኛል። እኔ አልስቅም፤ ቆጣ ብዬ እንደገና እነግረዋለሁ። ባልደረቦቼ «የዶሮ ጉንፋን ሲነሳ የሳሊሃ ጂንም አብሮ ይነሳል» እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ። እነሱ የእትዬ ባይነሽን ጫጩቶች አላዩም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ደሴ ነው፤ ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ የሚያወጣው ዳገት ላይ። ከእትዬ ባይነሽ ግቢ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር፤ እሱም ከታች በኩል በዝገት ተበልቶ እኔና ልጇ ሣራ የምንሾልክበት ቀዳዳ አበጅቷል። እነሱ ጴንጤ፣ እኛ እስላም። ከሥጋ በቀር የማንካፈለው ነገር አልነበረም። እናቴ ዘሀራ ጠዋት ጠዋት ከጓሮ እንቁላል ለቅማ ሁለቱን በእኔ እጅ ለሣራ ትልካለች፤ እትዬ ባይነሽ ደግሞ የተቀደደ ልብሴን በስፌት መኪናዋ ትጠቅምልኛለች። ባሏ ጋሽ ደጉ በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ሞቶ ስለነበር፣ ቤቱን የያዘችው ያቺ መኪና ነበረች።

እናቴ ሃያ ሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ነበሯት። አባቴ ሚስባህ ፒያሳ ላይ ከሰው ሱቅ ተቀጥሮ ጨርቅ ይሸጣል፤ የእኔን ደብተርና ጫማ የሚገዙት ግን ዶሮዎቹ መሆናቸውን እናቴ ደጋግማ ትነግረኝ ነበር። «ዶሮዬን በድንጋይ የመታ በባዶ እግሩ መሄድ ያማረው ነው» ትላለች።

ሃያ ሦስተኛዋ የእኔ ነበረች። ደጋን የሚኖረው አጎቴ ሙሄዲን፣ የቁርዓኑን የመጨረሻ ክፍል በቃሌ መጨረሴን ሰምቶ ሊመርቀኝ መጣና እግሯን በገመድ የታሰረች ገብስማ ዶሮ አስታቀፈኝ። «ይህቺ የሒፍዝሽ ስጦታ ናት። ማንም አይነካብሽም» አለኝ። ሞቃት ነበረች። ልቧ በመዳፌ ላይ ቶሎ ቶሎ ይመታ ነበር። እንደ እርሷ የኮራሁበት ነገር ከዚያ በፊት አልነበረኝም።

በዚያው ቀን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልናት። ታዲያ ምን እናድርግ? በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ መሀል አስገብተው ያስቀምጡታል እንጂ ለብቻው ጥግ አያስይዙትም። ዶሮም እንግዳ ናት ብለን ከሁሉም ሞቃቱን የቆጡን መሀል ሰጠናት።

የደሴ ብርድ ደግሞ መሐሪ አይደለም። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢያችንን ሲሞላው አጥሩ እንኳ አይታይም። እናቴ ዶሮዎቿ እንዳይበርዳቸው የዶሮ ቤቱን ስንጥቅ ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ወትፋዋለች። ጠዋት በሩን ስከፍት የኩሱ ሽታ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር። እኔ የሙቀት ሽታ ይመስለኝ ነበር።

ገብስማዋ በመጣች በሁለት ሳምንቷ ማስነጠሱ ጀመረ። መጀመሪያ ሁለቱ፣ ከዚያ ስምንቱ፣ ከዚያ ማን ጤነኛ እንደሆነ አልለይ አለን። ከዓይናቸው ጥግ የሳሙና የሚመስል አረፋ ይወጣ ነበር። የአንዷ ፊት በአንድ በኩል አብጦ ዓይኗ ተከደነ። መግሪብ ላይ ቆጥ ላይ ወጥተው ጸጥ ሲሉ ጆሮዬን ከሳንቃው ላይ እለጥፋለሁ። ውስጥ ያለው ድምፅ ክዳኑ ያልገጠመ ድስት ቀስ ብሎ ሲንተከተክ ይመስል ነበር። የእኔዋ ጥቂት አስነጥሳ ተወችው፤ ከሁሉም በፊት የዳነችው እሷ ናት። «የቁርዓን ዶሮ ስለሆነች ነው» ብዬ ለሣራ ነገርኋት።

እናቴ የእንስሳት ሐኪሙን ጋሽ ይስማውን አስጠራች። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ወጣ። ሳይናገር ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ጣላቸው።

«ኧረ በአላህ! ብርዱ አይፈጃቸውም?» አለች እናቴ።

«ዘሀራ፣ ዶሮ ብርዱን ላባዋ ይችልላታል። የገዛ ሽታዋን ግን ሳንባዋ አይችለውም። ከላይ ክፍት ይሁን፤ ጉዝጓዙን ጠርገሽ ደረቅ አድርጊበት።» አፍንጫውን ጠራረገና ጠየቃት። «በቅርብ ከውጭ ያስገባችሁት ዶሮ አለ?»

እናቴ ዘወር ብላ አየችኝ። ከዚያ «አንዲት ከሰኞ ገበያ ገዝቼ ነበር» አለችው።

ደሜ ፈላ። የእኔ ዶሮ የሒፍዝ ስጦታ እንጂ የገበያ ዶሮ አይደለችም! ክብሬን በሰው ፊት የነጠቀችኝ መስሎኝ ለሁለት ቀን አኮረፍኋት። እሷ ግን የዋሸችው እኔን አይታ ነበር። «ሁሉንም ያስያዘቻቸው የልጄ ዶሮ ናት» ብትል የእኔ ፊት ምን እንደሚመስል አስቀድማ አይታዋለች። ይህን ለመረዳት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

ጋሽ ይስማው በውሃ የሚበጠበጥ ቢጫ ዱቄት ሰጣት። ለአምስት ቀን ከዚያ ሌላ ውሃ እንዳያገኙ፣ መድኃኒቱ ካበቃም በኋላ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ሥጋቸውም እንቁላላቸውም እንዳይበላ አዘዛት። ይህን ሲነግራት እኔ አልነበርሁም። እኔ ያየሁት እናቴ እንቁላሉን በሰፌድ ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ ጉድጓድ ቆፍራ አንድ በአንድ እየሰበረች ስትጥለው ነው። አስኳሉ ከአፈሩ ጋር ተለውሶ ሲወርድ አየሁ።

«እማ! ለሣራስ?» ብዬ ጮህሁ።

«ለማንም አይሰጥም» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ቀዳዳችንን በድንጋይ ደፈነችው። በሩ ላይ ኖራ በተነች። «እነ ሣራ ቤት እንዳልሰማሽ! ከዶሮ ቤት በወጣ እግርሽ አንድ እርምጃ እንዳትሄጂ» አለችኝ። እኔ ምን ልበል? እንቁላል ተከለከለ፣ ቀዳዳው ተደፈነ፣ መሄድ ቀረ። ልጅ ሆኖ ይህን ሁሉ ያየ አንድ ነገር ነው የሚለው፤ ተጣልተዋል።

ይባስ ብሎ አንድ ከሰዓት ሁለቱን እናቶች በአጥሩ ዳርና ዳር ቆመው ሲነጋገሩ አገኘኋቸው። ግራዋው ሥር ተቀመጥሁ። ንፋሱ ቆርቆሮውን እያንኳኳ ግማሹን ይወስድብኛል። እትዬ ባይነሽ ታለቅስ ነበር። «...መኪናዬን እኮ ሸጬ ነው... ቅዳሜ ይመጣሉ...» አለች። ከዚያ ደግሞ «እንዴት ብዬ ይህን አድርጊልኝ እልሻለሁ? በምን አፌ?» እናቴ በቁጣ ድምፅ መለሰችላት። «አንዲት አትቀርም! ወላሂ፣ አንዲት አትቀርም ብዬሻለሁ!»

እናቴ ሰው ስታስለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ማታ እራት ላይ ደግሞ አባቴን «ጁምዓ ጠዋት ሁሉንም ታርድልኛለህ» ስትለው ሰማሁ።

አባቴ እጁን ከትሪው ላይ መለሰ። «ከዳኑ በኋላ?»

«ከዳኑ በኋላ።»

«ዘሀራ፣ የልጅቱ ጫማ...»

«ጫማው ይቆይ።»

እኔ በጭንቅላቴ የሠራሁት ታሪክ ይህ ነው። እናቴ በእትዬ ባይነሽ ተናዳ፣ እንቁላል ከምትጠይቀኝ ዶሮዎቹን ፈጅቼ ልገላገል ብላለች። ጨካኝ ናት፣ ምቀኛም ናት። እውነቱ ግን እንዲህ ነበር። እትዬ ባይነሽ የስፌት መኪናዋን ሸጣ ስድሳ ጫጩት ከኮምቦልቻ አዝዛለች። ከፍላ ስለጨረሰች መመለስ አይቻልም። ጋሽ ይስማው ደግሞ ለሁለቱም ነግሯቸዋል፤ የዳኑት ዶሮዎች በሽታውን ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ፣ በአንድ አጥር ጫጩት ከገባ ይይዘዋል። ባሏ የሞተባት ሴት ልጇን የምታሳድግበት ሌላ ነገር አልነበራትም። እናቴም ማንም ሳይጠይቃት የራሷን ሁሉ ለማረድ ማለችላት። ያ የቁጣ ድምፅ ባይነሽ «አይሆንም» እያለች ስላስቸገረቻት ነበር።

ሐሙስ ከቁርዓን ቤት ስመለስ እናቴ ገበያ ሄዳ ነበር። ገብስማዋን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ በዋናው በር ዞሬ እነ ሣራ ቤት ገባሁ። እናትየዋ የለችም። ሣራ ደጃፉ ላይ የአባቷን ካልሲ እጇ ላይ አጥልቃ ትጫወታለች።

«ነገ ሊያርዷት ነው። ደብቂልኝ» አልኋት።

«የት?»

«ማገዶ ቤት። ለማንም እንዳትናገሪ። ማይልኝ።»

«እኛ አንምልም» አለች ሣራ።

«እንዴት አትምሉም?»

«መጽሐፉ አትማሉ ይላል። አዎ ካልሁሽ አዎ ነው።»

መሐላ የሌለበት ቃል ለእኔ ክዳን የሌለው ዕቃ ነበር። አላመንኋትም። «እንግዲያው አማና ናት» አልኋት። «አማና የበላ ሰው አላህ ይጠይቀዋል። ዶሮዋም አማና ናት፣ ወሬውም አማና ነው።»

ሣራ አሰበችበት። «እኔንም ጌታ ይጠይቀኛል» አለችና ዶሮዋን ከእጄ ተቀበለችኝ።

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው። ሁለት የዘጠኝ ዓመት ልጆች፣ አንዷ በአማና፣ አንዷ በአዎዋ፣ ሃይማኖታችን ያስተማረንን ሁሉ አሳምረን ጠበቅን። ቃላችንን ብናፈርስ ኖሮ የተሻለ ነበር።

ጁምዓ ጠዋት እናቴ ስትቆጥር አንድ ጎደለባት።

«ገብስማዋስ?»

«ጭልፊት ወሰዳት።»

«መቼ?»

«ትናንት። ወላሂ።»

እናቴ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ቁርዓን የሚቀራ ልጅ በውሸት ወላሂ አይልም ብላ ነው መሰል፣ ራሴን ደባበሰችኝ። «አብሽሪ» አለችኝ። «አላህ ይተካልሻል።»

አባቴ «ቢስሚላህ» እያለ ሃያ ሁለቱንም አረዳቸው። እናቴ ቀኑን ሙሉ የፈላ ውሃ ላይ ቆማ ላባ ነቀለች። የመድኃኒቱ ሳምንት አልፎ ስለነበር ሥጋው ለጎረቤት እስላሞች በሰደቃ ተከፋፈለ፤ እሷ ግን አንዲት ጉራሽ አልቀመሰችም። «እንዲህ ከከፋሽ ለምን አሳረድሽ?» ብዬ በሆዴ አላገጥሁባት። ወደ ማታ ጉዝጓዙን አቃጥላ፣ ቤቱን በኖራ ለቅልቃ፣ ገላዋን ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ ወደ አጥሩ ሄደች። «ባይነሽ! አልቋል። አምጫቸው!» ብላ ተጣራች። እትዬ ባይነሽ ከወዲያ ማዶ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ ረጅም ምርቃት ነበር።

ቅዳሜ ጫጩቶቹ ቀዳዳ በተበሳሳ ካርቶን፣ በሚኒባስ መጡ። ጫጫታቸው እስከ እኛ ቤት ይሰማል። እትዬ ባይነሽ ከማገዶ ቤቱ አጠገብ ያለችውን ክፍል አጽድታ፣ የከሰል ምድጃ አስገብታ ጠብቃቸዋለች። በነጋታው እሑድ ቤተክርስቲያን ስትሄድ ምድጃውን እንድትጠብቅ ሣራን ተወቻት። እኔም የእናቴን ዓይን ጠብቄ ሄድሁ።

«ገብስማዋ ትጣራለች» አለችኝ ሣራ። እውነትም የጫጩቶቹን ድምፅ በሳንቃው እየሰማች ማገዶው መሀል ወዲህ ወዲያ ትላለች፤ በጉሮሮዋ የእናት ዶሮ ድምፅ ታሰማለች።

«እናት የላቸውም እኮ» አልሁ።

በሩን ከፈትንላት። ቀስ ብላ ገባችና መሀላቸው ተቀመጠች። ክንፏን ዘረጋች። ያ ሁሉ ቢጫ ነፍስ እየተንጫጫ ወደ እሷ ሮጠ። አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ክንፏ ሥር ገባ፤ ጀርባዋ ላይ ወጣ፤ ምንቃሯን ጠቀጠቀ። ሣራ እጄን ጨብጣ ሳቀች። አባቷ ከሞተ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። እናቴ ልትገድላት ያለችውን ዶሮ አትርፌ ለስድሳ ወላጅ አልባ ጫጩት እናት ሰጠሁ ብዬ፣ ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ። ከዚያ በኋላ እትዬ ባይነሽ በወጣች ቁጥር እንዲሁ እናደርግ ነበር፤ ማገዶ ማውጣት የሣራ ሥራ ስለነበር እናቷ ማገዶ ቤቱን አትከፍተውም።

ማስነጠሱ በሦስተኛው ሳምንት ተጀመረ። ክረምቱ ገብቶ ነበር። በመጀመሪያ ሣራ ነገረችኝ፤ ከዚያ በአጥሩ በኩል ራሴ ሰማሁት። ትንንሽ ዓይኖቻቸው አረፋ ያዙ። ክንፋቸውን ጥለው ምድጃው ዙሪያ ቆሙ። ቢጫው ዱቄት መጣ፣ ጋሽ ይስማው መጣ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ጉዝጓዝ ተቀየረ። ትልቅ ዶሮ ይቋቋመዋል፤ ጫጩት ግን በዚያ ብርድ ላይ ሌላ በሽታ ሲጨመርበት አቅም የለውም። እትዬ ባይነሽ ጠዋት ጠዋት የሞቱትን በጣሳ ይዛ ስትወጣ በአጥሩ ስንጥቅ አያት ነበር። አንድ ቀን አራት፣ አንድ ቀን ሰባት። ከስድሳው የተረፉት አሥራ አንድ ናቸው፤ እነሱም እንደ ቀጨጩ ቀሩ።

እኔ ምን አሰብሁ? ብርዱ ነው አልሁ። እንዲያውም ገብስማዋን ከነሱ ጋር አዘውትረን ባለማስተኛታችን ተጸጸትሁ።

ጋሽ ይስማው ግን «ይህ ከውጭ የገባ ነው፤ ፈልጉ» ብሎ ነበር። እትዬ ባይነሽ ማገዶ ቤቱን ገልብጣ ፈለገች፤ አገኘች። ከሰዓት በኋላ ዶሮዋን በሁለት ክንፏ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። በመስኮት ሳያት ወደ ውስጠኛው ክፍል ሮጥሁና አልጋ ሥር ገባሁ። እናቴ ወጥታ መዝጊያውን ከኋላዋ ገጠመችው። መጀመሪያ እትዬ ባይነሽ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ከዚያ የእናቴ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ ምን እንደሚል የማይለይ። ከዚያ የእትዬ ባይነሽ ጩኸት መጣ።

«ወላሂ ብለሽ! ዘሀራ፣ ወላሂ ብለሽኝ!»

የውጭው በር ተወርውሮ ተዘጋ። እናቴ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ከአልጋው ሥር የሚታየኝ እግሯ ብቻ ነበር። ዱላውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ጥያቄውን ጠበቅሁ፤ እሱም አልመጣም። «ሳሊሃ፣ ውጪና እራትሽን ብዪ» አለችኝ መጨረሻ ላይ። ያን ጊዜ በኩራት ልሞት ደረስሁ። እናቴ አላወቀችም፤ ሣራ አማናዬን አልበላችም! መሐላ የሌለው ቃልም ቃል ነው ብዬ፣ ሣራን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋት።

በመስከረም እነ እትዬ ባይነሽ ዕቃቸውን ጭነው ኮምቦልቻ ወረዱ። ፋብሪካ ገብታ ክር መጠቅለል ጀመረች ተባለ። ሲሄዱ እናቴ ከቤት አልወጣችም። ሰፈሩም ምን እንደሰማ እንጃ፣ ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ እናቴን «ዘሀራ ወላሂዋ» እያሉ በጎን ሲሳለቁባት ሁለት ሦስቴ ሰምቻለሁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቄያት «ሰው መቼ የሚያወራው ጠፍቶት ያውቃል» አለችኝ። ዶሮ ደግማ አላረባችም።

የማላውቀውን ያወቅሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ የበሽታውን ስም ጽፎ «የዳነች ዶሮ ተሸካሚ ናት፤ ጤነኛ ትመስላለች፣ ግን ለጫጩት መርዝ ናት» አለ። ሌሎቹ ይጽፋሉ። እኔ እስክርቢቶዬን አስቀመጥሁ። ያ ሁሉ ቢጫ ነፍስ ክንፏ ሥር ሲገባ ፊቴ ድቅን አለ። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አለቀስሁ። ከዚያ ወዲያ እንቁላሉ፣ ኖራው፣ የተደፈነው ቀዳዳ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ተፈታልኝ።

ለእረፍት ደሴ ስመለስ ልነግራት ሞከርሁ። «እማ፣ ያቺ ገብስማ...» ስል አቋረጠችኝ። «ያለፈ አለፈ። ምሳ በልተሻል?» አለች። ረስታዋለች ብዬ ተውሁት። ፈሪ ነበርሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ኮምቦልቻ ሥራ ከያዝሁም በኋላ እትዬ ባይነሽን ገበያ ላይ ሁለቴ አይቻታለሁ። ሁለቴም መንገድ ተሻግሬ ሄድሁ። በልጅነት ያጠፋሁት መሆኑን ገምታ ትታዋለች እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። እናቴ ያን ቀን በር ላይ ምን እንዳለቻት ግን አንድም ቀን አላሰብሁትም።

እናቴ ባለፈው ግንቦት ሞተች። የቆየ የልብ ሕመም ነበረባት፤ ሲብስባት ሳትቆይ ነው የሄደችው። ቀብሯ ላይ ሸኹ እንደ ደንቡ «ከሟቿ ሐቅ ያላችሁ ካላችሁ አውፍ በሏት፣ ይቅር በሏት» ብለው ጠይቀው፣ የቆመው ሁሉ «አውፍ» ብሎላታል። በሦስተኛው ቀን ከሴቶቹ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሳለ እትዬ ባይነሽ ገባች። ፀጉሯ ነጥቷል። ሣራ ክንዷን ይዛታለች። አጠገቤ አስቀመጥናቸው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» አለችኝና ለቤቱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ሐቅ ያለው አውፍ ይበላት ተብሏል አሉኝ። እኔ ቀብሯ ላይ አልደረስሁም፤ ሐቅ ግን ነበረኝ። ዶሮዬን ሁሉ አርዳለሁ ብላ ማለችልኝና አንዲት ደብቃ አስቀረች፤ ጫጩቶቼ አለቁ። በሯ ላይ ቆሜ ማን ነው ያደረገው ስላት ‹እኔ ነኝ ባይነሽ፤ አሳሳችኝና ማገዶሽ ውስጥ አስገባኋት፣ ልጆቹ አያውቁም› አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ተቀይሜያት ኖርሁ። ሰላምታዋን ልካብኝ ሳልቀበል መልሼባታለሁ። ባለፈው ዓመት ታምሜያለሁ ነይ ብላ ላከችብኝ፤ አልሄድሁም። አሁን በሁላችሁም ፊት አውፍ ብያታለሁ።»

«አላህ ይውደድልሽ! አላህ ይቀበልሽ!» አሉ ሴቶቹ። አንዷ እጇን ሳመቻት።

ዝም ብል ያልቅ ነበር። እናቴ ይቅር ተብላለች፣ እትዬ ባይነሽ ልቧ ቀልሏታል፣ ሰዉ ተደስቷል። ሣራ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። ያኔ ገባኝ፤ እሷ ዛሬም አልተናገረችም።

«እትዬ ባይነሽ» አልሁ። «እናቴ አንዲትም አላስቀረችም። መሐላዋን አላፈረሰችም። ዶሮዋን የደበቅሁት እኔ ነኝ። ጭልፊት ወሰዳት ብዬ በወላሂ የዋሸኋት እኔ ነኝ። ከጫጩቶቹ ጋር ያስተኛኋትም እኔ ነኝ። ሐቅዎ ያለው እኔ ላይ ነው።»

እትዬ ባይነሽ ወደ እኔ አላየችም፤ ቀስ ብላ ወደ ልጇ ዞረች።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ ብዬአት ነበር እማዬ» አለች ሣራ፤ እያለቀሰች። «አልናገርም ብዬአት ነበር።»

እትዬ ባይነሽ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች። እንድትቆጣኝ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝም ደስ ባለኝ። ስትናገር ግን ድምፁ ለማንኛችንም አልነበረም።

«እኔ እኮ እሷን አውፍ ልላት ነበር የመጣሁት» አለች። «ነይ ብላ ስትልክብኝ የቀረሁትንስ፣ አሁን እኔን ማን አውፍ ይበለኝ?»